«ልማቱን አንቃወምም፤ ነገር ግን…» የደብረ ብርሃን ነዋሪ ስለ ከተማው ዕድገት የሚለውን እንዴት እንስማ?

ስለ ከተማ ዕድገት በተጠራ ስብሰባ ላይ ከታዳሚው አፍ የማይጠፋ ንግግር አለ። «ልማቱን አንቃወምም፤ ነገር ግን…» ይላል ተናጋሪው። ሪፖርቱ ውስጥ የሚሰፍረው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ግማሽ ነው፤ «ኅብረተሰቡ ለልማቱ ያለውን ድጋፍ ገለጸ» ተብሎ ይዘጋል። ሰውየው ሥራውን ፈትቶ የመጣው ግን ከ«ነገር ግን» በኋላ ያለውን ሊናገር ነው። እሱም እንደየተናጋሪው ይለያያል፦ አንዱ ስለ ካሳ ያነሳል፣ ሌላዋ ስለ ቤት ኪራይ፣ ሦስተኛው ስለ ውኃ። ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ነዋሪው የሚፈልገውን የማያውቅ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለሰማ ግን እያንዳንዱ የሚናገረው በራሱ ቤት የደረሰውን ነው። ዕድገት ከሁሉም ቤት በአንድ በር አይገባም። በየትኛው በር እንደሚገባ ለመረዳት ጥቂት ሕግና ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል።

በሰሜን ሸዋ ይህ ጥያቄ እንደ ደብረ ብርሃን የበረታበት ከተማ ስለሌለ እሷን ይዤ እሄዳለሁ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቆረቆሯት ጀምሮ ዙሪያዋ ገብስና ባቄላ፣ ሀብቷ በግና የበግ ፀጉር ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ስሟ የሚነሳውም በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተባት፣ ቢራ ፋብሪካዎች ተተከሉባት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተገነባባት፣ በኋላም የሬጂዮፖሊታን ከተማነት ደረጃ (በክልሉ ለትልልቅ ከተሞች የሚሰጥ ከፍ ያለ የአስተዳደር ደረጃ) ተሰጣት። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ 38,717 የነበረው ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 65,231 ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሀገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ ዛሬ የሚነገረው የነዋሪ ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። ስንት የውኃ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ስንት የመማሪያ ክፍል ይሠራ፣ ምን ያህል እርሻ ወደ ከተማ ይካለል የሚለው ውሳኔ የሚያርፈውም በዚሁ ግምት ላይ ነው።

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ያለው በከተማዋ ዳር ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ከተማዋ ስትሰፋና እርሻው በከተማው ወሰን ውስጥ ሲገባ ገበሬው በካሳ ይነሳል፤ መሬቱ ከዚያ በኋላ ለፋብሪካ፣ ለመኖሪያ ቤት ማኅበር ወይም ለሊዝ ጨረታ ይውላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ካሳውን እንዲህ ያሰላል፦ ምትክ እርሻ ያልተገኘለትና በዘላቂነት የሚነሳ ባለይዞታ፣ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ይባዛለታል። ቀድሞ የነበረው የ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 455 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ ወስዶ የሚያባዛው በ10 ብቻ ነበር። አዲሱ አዋጅ ለገበሬው የተሻለ መሆኑን መካድ አይገባም። ሆኖም ሁለቱም አዋጆች የሚመዝኑት አንድ ነገር ነው፤ ምርቱን።

በቁጥር እንየው። ግማሽ ሄክታር ላይ ገብስና ባቄላ የሚያመርት አባወራ በደኅናው ዓመት 60,000 ብር አገኘ እንበል። በ15 ሲባዛ 900,000 ብር ይሆናል። ግማሽ ሄክታር 5,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ ለአንድ ካሬ ሜትር የደረሰው 180 ብር ነው ማለት ነው። ያው መሬት ተሸንሽኖ፣ መንገድ ተቀዶለት ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ ተጫራቾች ለካሬ ሜትር የሚጽፉት ዋጋ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ለመንገድና ለአረንጓዴ ቦታ የሚተወው መሬት ከጨረታ ይወጣል፤ የውኃና የመብራት መስመሩም ገንዘብ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ልዩነቱን በሙሉ ትርፍ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ያም ሆኖ የገበሬው ቅሬታ ሲጨመቅ ግልጽ ነው፦ መሬቴ ከእኔ ሲወሰድ በገብሱ ተለካ፣ ለሌላ ሲሰጥ ግን በቦታው ተለካ።

የጨረቃ ቤት፣ ማለትም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚሠራ ቤት፣ ለምን እንደሚበዛ የሚገባው ይህን ልዩነት ያየ ሰው ነው። ቀያሾች መጥተው በማሳው መካከል ችካል ሲተክሉ ገበሬው መልእክቱን ወዲያው ያነባል። ፍግ መበተን ይተዋል፤ ለሚመጣው ዓመት ለማይታረስ መሬት ማን ይደክማል? በዚያው ሰሞን ከከተማ የመጣ ገዢ ከካሳው የበለጠ ገንዘብ ይዞ ይቀርባል። ሽማግሌ ይቆማል፣ ምስክር ይፈርማል፣ በወረቀቱ ላይ «ሽያጭ» የሚል ቃል ሳይጻፍ መሬቱ ይሸጣል። ገዢው ጭቃ ቤት አቁሞ ቆርቆሮ ይመታበታል። አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ ጥሪቱን የሚያጣው ገዢው ነው፤ ገዢው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በከተማው መሐል በኪራይ የተማረረ ዝቅተኛ ደመወዝተኛ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ሕገ ወጥ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ሕጉም ይፈቅዳል። ነገር ግን በሊዝ ጨረታ ሊወዳደር የማይችል ሰው በሕጋዊ መንገድ ቦታ የሚያገኝበት ዕድል ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ሳይነገር የሚደረግ ውግዘት ግማሽ እውነት ነው።

ጊዜም ካሳን ይበላል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የሀገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ነበር። በዚያ ፍጥነት ክፍያው ሁለት ዓመት ቢዘገይ፣ ቅድም ያልነው 900,000 ብር የሚገዛው በተገመተበት ቀን 530,000 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው። ማንም ከኪሱ ሳይወስድበት ወደ 370,000 ብር የሚጠጋ አቅም አጣ ማለት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ በሚመጣ የግንባታ ዕቃ የሚሠራ ሁሉ ይበልጥ ተወዷል። ስለዚህ «ካሳው ስንት ነው?» ከሚለው እኩል «መቼ ነው የሚከፈለው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። አዋጁ ራሱ ካሳ የሚከፈለው መሬቱ ከመለቀቁ በፊት እንደሆነ ይደነግጋል። ይህንን የሚጠይቅ ገበሬ ልማት አላደናቀፈም፣ ሕጉን ነው የጠቀሰው።

በስሌቱ ውስጥ ቦታ ማግኘቱ የሚያጠራጥር ሌላም ነገር አለ። በዚህ ብርዳም ደጋ ላይ ከብት ማለት ወተትና እርሻ ብቻ አይደለም። ኩበቱ ማገዶ ነው፤ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ተከምሮ ክረምቱን ያሻግራል፣ የተረፈው ለከተማ ሰው ይሸጣል። ገለባው መኖ ነው፣ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም የቤት ምርጊት ይሆናል። እርሻው ሲሄድ ይህ ሁሉ አብሮ ይሄድና እስከዚያ ቀን በገንዘብ ተገዝቶ የማያውቀው ነገር በገንዘብ ይገዛል። የኩበቱን ሥራ የምትሠራው ሴት ብትሆንም ካሳ በሚተመንበት ጊዜ ስለ ኩበት የሚጠይቃት ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ሐሳብ ይከፈላል። ካሳ የሚከፈለው ለባለይዞታው ነው። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ፣ የራሱ መሬት ያልደረሰው ልጅ በእርሻው መቀጠል ላይ ብዙም ተስፋ አልነበረውም፤ ፋብሪካው መምጣቱን ይደግፋል፣ ቅጥር ይጠብቃል። አባትየው ይቃወማል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አባትየው የሚያውቀውን ሥራ ሊያጣ ነው፣ ልጁ የማያውቀውን ሊያገኝ ነው። ልጁ ያሰበው ቅጥር የጥበቃና የጫኝ አውራጅ ሥራ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለተነሺ ቤተሰቦች ልጆች የሚሰጥ ሥልጠና ከፋብሪካው ግንባታ ጋር አብሮ ካልተጀመረ በር ሲከፈት የሚቀጠረው ሌላ ይሆናል። አዋጁ ተነሺዎች መልሰው እንዲቋቋሙ መደረግ እንዳለበት ይናገራል። በእኔ እምነት ከጠቅላላው ሥርዓት ደካማው ክፍል ይህ ነው፤ ገንዘብ ቆጥሮ መስጠት ይቀላል፣ ሰውን ወደ አዲስ ሙያ ማሻገር ግን ዓመታት ይወስዳል።

ወደ መሐል ከተማ ስንገባ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት በተያዘ ቦታ፣ የሚኖር ባለቤት «መሬትህ እኮ ወርቅ ሆነ» ይባላል። ወርቅነቱ የሚታየው ሲሸጥ ብቻ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ በውርስ ካልሆነ በቀር ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት የሚይዘው በሊዝ ነው። መሸጥ ለማይፈልጉ፣ ልጆቻቸውን በዚያው ግቢ ላሳደጉ እናት የዋጋው መናር የሚሰጣቸው ጥቅም የለም። ጎረቤታቸው ባለ አራት ፎቅ ሲያቆም ግን አንድ ነገር ያጣሉ፤ ፀሐይ። ቆላ ላለ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት ከተማ ግን የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ግቢ ማለት እህል የሚሰጣበት፣ ሕፃን የሚታጠብበት፣ አዛውንት የሚሞቁበት ቦታ ነው። የሕንፃ ከፍታና ከአጥር የሚተወው ርቀት በፕላን የሚወሰን በመሆኑ ይህ ቅሬታ የቅንጦት አይደለም፤ ፕላን ሲዘጋጅ ሊነሳ የሚገባው ትክክለኛ የቴክኒክ ጥያቄ ነው።

መንገድ ሲሰፋና የኮሪደር ልማት ሲመጣ ደግሞ የዳሩ ሒሳብ በመሐል ከተማ ይደገማል። ለፈረሰ ቤት የሚገመተው ቤቱ ነው። በፊት ለፊት ክፍሏ ጠላ ወይም ዳቦ የምትሸጥ ሴት ገቢዋን የምታገኘው ግን ከጭቃው ግድግዳ ሳይሆን ከአላፊ አግዳሚው ነው። ዳር ላይ ምትክ ቦታ ሲሰጣት ቤቱ ይተካል፣ ደንበኛው አይተካም። እድሩም እንዲሁ። የካሳ አዋጁ ከአካባቢው ለሚነሳ ሰው ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሞራል ጉዳት የሚከፈል ካሳ ማካተቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ይህን መብቱን ስለማያውቅ ሳይጠይቅ ይፈርማል።

ተከራዩን ማንም አይጠይቀውም። ካርታ የለውም፤ የተነሺዎች ስብሰባ ሲጠራ ስሙ በዝርዝር ውስጥ የለም። ይሁንና ዩኒቨርሲቲውና ፋብሪካዎቹ ያመጡት የሕዝብ ብዛት መጀመሪያ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። በአንዲት ክፍል ተደራርበው የሚኖሩ የፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዝ ዝቅተኛ ወለል የለውም፤ በኢትዮጵያ የግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን እስካሁን አልተወሰነም። ኪራይን በተመለከተ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ጭማሪም በዘፈቀደ እንዳይሆን ይደነግጋል። በክልል ከተሞች ተፈጻሚነቱ ክልሉ በሚወስነው ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ተከራዮች በስብሰባ ሊጠይቁት የሚገባው አንደኛው ነገር ይኸው ነው።

ከሰሜን ሸዋ ውጭ የሚኖር አንባቢ ላያስታውሰው የሚችል ሌላ ዕድገትም አለ። በ2013 ዓ.ም. ከአጣዬና አካባቢው፣ ከዚያ በፊትና በኋላም ከወለጋ፣ ቤታቸውን ጥለው የመጡ በርካታ ወገኖች ደብረ ብርሃን ላይ ተጠልለዋል። በየትኛውም ፕላን ያልተጻፈ የሕዝብ ጭማሪ ነው። ውኃ ይጠጣሉ፣ ልጆቻቸው ይማራሉ፣ በቀን ሥራ ገበያው ይሠለፋሉ። ከተማዋ ብዙ ችላ ተሸክማቸዋለች። ስለ ከተማዋ መጻዒ ዕድል ሲመከር ግን እንደ ዕርዳታ ተቀባይ ብቻ ነው የሚቆጠሩት፤ ብዙዎቹ እዚያው ሊኖሩ እንደሚችሉ እየታወቀ እንደ ነዋሪ አይጠየቁም።

ውኃ የሁሉም ጥያቄ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ባለይዞታውና ተከራዩ፣ ገበሬውና ነጋዴው አንድ አፍ ይሆናሉ። አንድ ሊትር ቢራ ለማምረት በተለምዶ ከአራት እስከ ሰባት ሊትር ውኃ ይጠፋል። ጀሪካን ይዘው ቧንቧ እስኪመጣ የሚጠብቁ ሰዎች ፋብሪካውን የሚያዩት በዚህ ዓይን ነው። ፋብሪካው የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ሊሆን ይችላል፣ የከርሰ ምድር ውኃው ግን የጋራ ነው። የበሬሳ ወንዝም አለ፤ ከከተማውና ከፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ ሳይጣራ ከገባበት ጉዳቱ የሚደርሰው ከብቱን በታችኛው ተፋሰስ በሚያጠጣው ገበሬ ላይ ነው። እሱ ደግሞ የከተማው ነዋሪ ስላልሆነ ለከተማው ስብሰባ አይጠራም።

ታዲያ የነዋሪው ሐሳብ በሕግ ፊት ምን ክብደት አለው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ደኅንነትን በሚነካ ጉዳይ ላይ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን መግለጽ እንዳለበት ይናገራል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መዋቅራዊ ፕላን (የከተማውን አጠቃላይ የመሬት አጠቃቀም የሚመራው ፕላን) ለ10 ዓመት እንደሚያገለግልና ሲዘጋጅም ሕዝብ እንዲሳተፍበት ያስቀምጣል። የካሳ አዋጁ የሚነሱ ባለይዞታዎች ቦታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲመከሩ ያዝዛል። የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ቅር ካለው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት ይችላል። አዋጁ ከወጣ በኋላ ማሻሻያ ስለተደረገበት ጉዳዩ የደረሰበት ሰው ወቅታዊውን ይዘት ከሕግ ባለሙያ ማረጋገጥ አለበት።

እነዚህን ድንጋጌዎች በጊዜ ቅደም ተከተል ለደረደረ ሰው አንድ ነገር ፍንትው ብሎ ይታየዋል፦ ሐሳብ ዋጋ የሚኖረው ቀድሞ ሲመጣ ነው። ፕላኑ በረቂቅ ላይ ሳለ «ይህ መንገድ በእኛ ሰፈር 30 ሜትር የሚሰፋው ለምንድን ነው?» ያለ ሰው መስመር ሊያስለውጥ ይችላል። ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ ያው ጥያቄ ቅሬታ ይባላል። ችካል ከተተከለ በኋላ ደግሞ ሊከራከሩ የሚችሉት በካሳው መጠን ላይ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የእኛ ሕዝብ ችግር ደግሞ የሚሰበሰበው ችካሉ ሲተከል መሆኑ ነው። በዚህ ነዋሪውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም፤ ረቂቅ ፕላን ብዙውን ጊዜ ለውይይት የሚቀርበው ባለሙያ ብቻ በሚያነበው ካርታ፣ በቀለምና በኮድ ተሞልቶ ነው። አዛውንቱ በካርታው ላይ ቤታቸውን ማግኘት ካልቻሉ ስለ ፕላኑ ተወያዩ ማለት አይቻልም። ካርታው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያው፣ የሰፈሩ ወፍጮ ቤት በስማቸው ቢጻፉ የውይይቱ መልክ በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ ብዙ ወጪም አይጠይቅም።

ሰዓቱም ተሳታፊን ይመርጣል። በሥራ ቀን ጠዋት በቀበሌ አዳራሽ የሚጠራ ስብሰባ የፋብሪካ ሠራተኛውን፣ የቀን ሠራተኛውንና ጉሊት ያላትን ሴት አስቀድሞ አስቀርቷል። የሚገኙት ጡረተኞችና ሥራቸውን ትተው ሊመጡ የሚችሉ ባለንብረቶች ናቸው። የእነሱ ሐሳብ መከበር አለበት፤ የከተማው ሐሳብ ተብሎ መቅረብ ግን የለበትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድር በሚሰበሰብበት ቦታ፣ በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት በፋብሪካው በር፣ በመጠለያው ውስጥ፣ ከከተማው ወሰን ወጥቶም በበሬሳ ዳርቻ ካሉት ገበሬዎች ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

ስብሰባ ላይ የተገኘ ሰው ደግሞ ተናግሮ ብቻ እንዳይሄድ። የተናገረው በቃለ ጉባኤው ላይ በራሱ አገላለጽ መጻፉን፣ «ነገር ግን» ብሎ ያነሳው ጉዳይ ከድጋፉ ጋር አብሮ መስፈሩን ጠይቆ ያረጋግጥ። ሰዎች ተባብረው የቃለ ጉባኤውን ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሰፈሩ ወይም እድሩ አንድ ቅጂ ያስቀምጥ። ከዓመት በኋላ አቤቱታ ሰሚ ፊት የሚቀርብ ሰው «ያኔ ተናግረን ነበር» ከማለት ይልቅ ቀኑን፣ ገጹንና የሰብሳቢውን ፊርማ ማሳየት ሲችል ጉዳዩ በሌላ መንገድ ይታያል።